ለእንግዳ የሚሸለም ግድግዳ፥ ለሕፃን የሚነበብ ግድግዳ

ቤቱን የሚያሰናዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሰናዳው እንግዳ ይመጣል ብሎ ነው። ወለሉን ይጐዘጕዛል፥ ግድግዳውን ይለቀልቃል፥ ያለውንም ጌጥ አውጥቶ ይሰቅላል። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ፥ መርቆም በሄደ ጊዜ ጌጡ ተመልሶ ወደ ሣጥኑ ይገባል። ይህ ልማድ ለመኖሪያ ቤት የሚያስነቅፍ አይደለም። ወደ ተማሪ ቤት የገባ እንደሆነ ግን ጉዳት አለው። ሹም ሊጐበኝ ይመጣል በተባለ ጊዜ በየክፍሉ ወረቀት ይለጠፋል፥ ሥዕል ይሰቀላል፤ ሹሙም አይቶ ደስ ብሎት ይመለሳል። በማግሥቱ ግን ያንን ወረቀት የሚያነበው የለም፤ የተለጠፈው ከሕፃን ራስ በላይ ነውና፥ ፊደሉም ደቃቅ ነውና፥ ቃሉም ሕፃኑ የማያውቀው ነውና።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ለክቡራንና ለክቡራት አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የተማሪ ቤት ግድግዳ የሚሸለመው ለማን ነው? መልሳችንንም አስቀድመን እንናገራለን። የሚሸለመው ለሚያነበው ሕፃን ነው፤ ሸላሚውም ራሱ ሕፃኑ ሊሆን ይገባል።

ይህን አሳብ ስናወጣና ስናወርድ በዓይነ ልቡናችን የምናየው አገር ዋድላ ነው፤ ከተማውም ኮን ይባላል። ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው ጋሸናን ካለፈ በኋላ ያገኘዋል፤ ከጋሸና ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ ወደ ላሊበላ ያደርሳል። ዋድላ በትምህርት ስሙ የታወቀ አገር ነው። ሊቃውንት የቅኔ ቤቶችን ሲጠሩ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋራ ዋድላን ይቈጥሩታል። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በብርድና በረኃብ ተፈትኖ ቅኔ የተማረ ሰው የዋድላን ስም በክብር ያነሣል።

የአባቶች ትምህርት እንዲህ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ የዛሬዎቹ ልጆች ንባብ ግን ያሳስበናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ዓመት በአገራችን በልዩ ልዩ ቋንቋ የንባብ ምዘና በተደረገ ጊዜ፥ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት ከተሰጣቸው ምንባብ አንዲት ቃል ስንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ይዞ የተመላለሰ ልጅ አንዲት ቃል ካላነበበ፥ ወላጁ እርሻውን ያለ እረኛና ያለ አጋዥ ትቶ የላከው በከንቱ ሆነ ማለት ነው።

በዚህም ላይ ጦርነት ተጨመረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በዘለቀ ጊዜ ጋሸና የውጊያ ቦታ ሆነ፤ ላሊበላም እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። በዞኑ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጐዱ፥ ወንበራቸውና መጽሐፋቸው ጠፋ። ቍስሉ ሳይሽር ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ተማሪ ቤቶች ደጃቸው ተዘጋ። ከእንዲህ ያለ ዘመን በኋላ ወደ ክፍሉ የሚመለስ ሕፃን የተላጠና ጥላሸት የለበሰ ግድግዳ ብቻ የጠበቀው እንደሆነ፥ ልቡ ከእግሩ ቀድሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ግድግዳ አስተማሪ ሊሆን እንዲችል ለማወቅ ከዚያው አገር ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በላሊበላ ከ11ዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት አንዱ በሆነው በቤተ ማርያም ቅስቶችና ጣራ ላይ የጥንት ሥዕል አለ፤ በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ የቅዱሳን መልክ ከቋጥኙ ጋራ ተቀርጾ ይታያል። በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስም የጣራው እንጨት በሥዕል ያጌጠ ነው። በገነተ ማርያም ደግሞ በ13ኛው መቶ ዓመት የነገሡት አፄ ይኩኖ አምላክ በግድግዳው ሥዕል ውስጥ ይገኛሉ።

በአገራችን የነበረው ሠዓሊ መልኩን ስሎ ሲጨርስ ስሙን በአጠገቡ መጻፍ ልማዱ ነው። ፊደል ያልቈጠረው ሰው መልኩን አይቶ ስሙን ይጠራል፤ ፊደል የቈጠረው ልጅም ስሙን አንብቦ መልኩን ይለያል። በዚህ ዓይነት ሥዕሉና ጽሕፈቱ ተደጋግፈው ያስተምራሉ። የብራና ጸሓፊም እንደዚሁ በምዕራፉ ራስ ሐረግ ይስላል፥ የከበረውንም ስም በቀይ ቀለም ያወጣዋል፤ ጌጡ አንባቢውን እጁን ይዞ ይመራዋል። አባቶቻችን ጌጥን ከንባብ ለይተው አላዩትም። እኛም ለዛሬው ተማሪ ቤት የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ ስሙ በአጠገቡ ያልተጻፈ ሥዕል በክፍል ውስጥ አይሰቀል።

አሁን የሥራውን አኳኋን እንናገር። በአሜሪካ የመምህራን ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ዓመት አንድ የንባብ ቀን አቋቁሟል፤ በዚያም ሰሞን በብዙ ተማሪ ቤቶች እያንዳንዱ ክፍል አንድ መጽሐፍ መርጦ የክፍሉን በር እንደ መጽሐፍ ሽፋን ይሸልመዋል። እንዲህ ያለው ነገር ለኮንም ሆነ ለላስታ ተማሪ ቤት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት ክፍሎች ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ተረት ይምረጡ፤ መጀመሪያ ያንብቡት፤ ከዚያም ክፍላቸውን በእርሱ ያስጊጡት።

የአንደኛ ክፍል ሕፃናት በበሩ ላይ «በር»፥ በመስኮቱ ላይ «መስኮት»፥ በሰሌዳው አጠገብ «ሰሌዳ» ብለው በታላላቅ ፊደል ይለጥፉ፤ እያንዳንዱም ልጅ ከሣለው ሥዕል በታች ስሙን ይጻፍ። ከ26ቱ የግእዝ ፊደላት እስከ ሰባት ቤታቸው 182፥ የአማርኛው ሰባት ሲጨመርባቸው 231 የሚሆኑትን መልኮች በቃሉ ብቻ የሚያወርድ ልጅ ብዙ ነው፤ ከስሙ ውስጥ ያገኛቸው ጊዜ ግን ፊደል የዜማ ልምምድ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ አጭር ተረት በስድስት ዐረፍተ ነገር ከፍለው በስድስት ቦታ፥ ከነሥዕሉ፥ ከበሩ ጀምሮ እስከ ኋለኛው ግድግዳ ይደርድሩት፤ ልጁ እየሄደ ያነበዋል።

የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች ከሽማግሌዎች የሰሙትን እንቆቅልሽ ይጻፉ። ጥያቄው በበሩ ላይ፥ መልሱ በክፍሉ ውስጥ ይሁን፤ ያላነበበ አይገባም፥ ያልገባም መልሱን አያገኝም። አላወቀውም እንደሆነ እንደ ልማዱ «አገር ስጠኝ» ይባላል። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ የአገራቸውን ካርታ ይሣሉ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጐተቱበት መንገድ በዋድላ ደጋ ያለፈ ነውና፥ በየስፍራው የሆነውን በሁለትና በሦስት መሥመር አሳጥረው ይጻፉበት። በሚያውቁት ጋራ ላይ የተጻፈ ታሪክ ከሩቅ አገር ታሪክ ይልቅ ይነበባል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው በአገሩ አለ። የታጠበ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፊና ጠንካራ የመጻፊያ ሰሌዳ ይሆናል፤ መምህራን በትምህርት መርጃ ክፍላቸው ሲሠሩበት የኖሩት ነው። ጥላሸት ጥቁር ቀለም ይሆናል፥ ቀይ አፈርም አለ። የደጋው በግ ጠጕር፥ የስፌት አክርማና ስንደዶም ለጌጥ ይበቃሉ።

ወሩ በተፈጸመ ጊዜ ክፍሎቹ ተራ በተራ ይጐበኛኙ። ባለቤቱ ልጅ የገዛ ግድግዳውን ለእንግዳው ያንብብለት፤ እንግዳውም አንድ መሥመር አንብቦ ይመልስለት። ያማረውን ክፍል ብቻ መሸለም ግን አንወድም። ብዙ ልጆች ግድግዳውን ያነበቡለት ክፍል ይሸለም።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ጌጥ የሕፃናትን አሳብ ይበትናል» ይሉ ይሆናል። ነገሩ እውነት አለበት። በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 24 ትንንሽ ሕፃናትን ስድስት ትምህርት አስተምረው፥ ግማሹን ጌጥ በበዛበት፥ ግማሹን ጌጥ በሌለበት ክፍል አድርገው መረመሯቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ሕፃናቱ ጌጥ በሌለበት ክፍል ከመቶ 55 ያህሉን፥ ጌጥ በበዛበት ግን ከመቶ 42 ያህሉን ብቻ በትክክል እንደ መለሱ አስረድተዋል። ነገር ግን በዚያ ግድግዳ ላይ የነበረው ከትምህርቱ ጋራ የማይገናኝ ጌጥ ነበር። ስለዚህ እኛ ከዚህ የምንማረው ልክ መያዝን ነው። በሰሌዳው ዙሪያ ያለው ግድግዳ ባዶ ይሁን። ጽሕፈቱ በሕፃኑ ዓይን ትክክል ይሰቀል። ተነቦ ያለቀውም ይውረድና በሌላ ይተካ፤ ዓመት ሙሉ የተሰቀለ ወረቀት ዓይን ስለሚለምደው ከልስኑ አይለይም።

ደግሞም ግድግዳ መጽሐፍን አይተካም። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ በሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ላይ ከኖሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በአዋሳም በአህያ የሚሳብ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ነበራቸው። ሥራቸው የሚያስተምረን፥ ልጅ መጽሐፍን እንዲሻ ከሆነ መጽሐፉ ወደሚኖርበት መቅረብ እንዳለበት ነው። ስለዚህ በተሸለመው ግድግዳ ሥር፥ አንድ ሣጥንም ቢሆን፥ ልጅ አንሥቶ የሚያነበው መጽሐፍ ይቀመጥ። ግድግዳው ጋባዥ ነው፤ ገበታው መጽሐፉ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ይህን ነገር በቤተ ሰብ ገጽ የጻፍንበት ምክንያት ሌላ ነው። በዋድላ ደጋ ፊደል ያልቈጠረች፥ ነገር ግን ተረትና ምሳሌ የሞላባት እናት ብዙ ናት። ልጅዋ ማታ በምድጃ ዳር ተረቷን ሰምቶ በማግሥቱ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይጻፈው፤ በግርጌውም «እናቴ እንደ ነገረችኝ» ብሎ ስሟን ያኑር። በጕብኝቱ ቀን እናቲቱ ትጠራና ልጅዋ በሰው ፊት ያንብብላት። የገዛ ቃልዋ በፊደል ሆኖ፥ በልጅዋ አፍ ሲመለስላት የሰማች እናት፥ ከዚያ ቀን በኋላ ልጁን «ተነሥ፥ ከብቱን ጠብቅ፥ ትምህርቱ ይቆይ» ለማለት እንደ ቀድሞው አይቀላትም። አባትም ማታ ከሥራ ሲመለስ፥ «ዛሬ ግድግዳችሁ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅን ልማድ ቢያደርግ፥ ለዚህች ጥያቄ ምንም ወጪ የለባትም።

በመጨረሻ ወደ ጀመርንበት እንመለስ። ክቡራን ሹማምንት ሆይ፥ ተማሪ ቤት ልትጐበኙ በሄዳችሁ ጊዜ የግድግዳውን ውበት አይታችሁ ብቻ አታመስግኑ። ከኋለኛው ወንበር አንድ ሕፃን ጥሩና፥ «ልጄ፥ ና፤ ይህ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ጣቱን በፊደሉ ላይ አድርጎ ቢያነብላችሁ፥ ያ ክፍል ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፥ ጌጡም የከረጢት ቅዳጅ ቢሆን፥ ተሸልሟል። ዝም ብሎ ቢቆም ግን በሕፃኑ አትቈጡ፤ ግድግዳው የተሸለመው ለእናንተ ኖሯልና፥ እንደገና ለእርሱ እንዲሸለም አድርጉ።