ማዳመጫ ሲገዛ የጫፉ ጎማም ይመረጥ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። አባባሉ የሚነገረው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ሳይሰማ እንደሚቀር ለማመልከት ነው። ይሁንና ስለ ጆሮ ጤናም ቢጠቀስ ከእውነቱ አይርቅም። ጥርስ ሲጎዳ ባለቤቱን እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ጆሮ ግን ያለ ሕመም ቀስ በቀስ እየደከመ ባለቤቱ ሳያውቀው ብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል። ውድ እናቶችና ሠራተኞች፣ በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ከልጆቻችንም ከእኛም ጆሮ ስለማይለየው የስልክ ማዳመጫ፣ በተለይም ወደ ጆሮ ቀዳዳ ስለሚገባው ዓይነት ነው።

ጆሮን በማሠልጠን ረገድ በአገራችን ከታወቁት ሥፍራዎች አንዱ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ነው። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ስትሆን፣ ዙር አምባ ደግሞ በዝማሬና በመዋሥዕት ትምህርት ስሟ የታወቀ ነው። ከየአውራጃው የሚሄደው ተማሪ በመምህሩ ፊት ተቀምጦ የዜማውን ከፍታና ዝቅታ፣ ርክርኩንና ድፋቱን የሚለየው በጆሮው ነው። ምልክቱ በመጽሐፍ ላይ ቢሠፍርም፣ ጆሮ ካልሰማው ምልክት ብቻውን ዜማ አይሆንም።

ዛሬ ደግሞ በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የሚኖረው ወጣት፣ እንዲሁም ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተው በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የሠፈሩ ቤተሰቦች ልጅ፣ ዜማውንም ዘፈኑንም ትምህርቱንም በስልክ ያዳምጣል። እናትም ወጥ እየሠራች ዜናውን ትከታተላለች። በመሆኑም የመስማት ጉዳይ በአያሌው ከማዳመጫው ጋር ተያይዟል ማለት ነው።

ማዳመጫ ለመግዛት ወደ ሱቅ ስንሄድ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ ስሙ ነው። በጫፉ ላይ ስለተሰካችው ትንሽ ጎማ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዕቃው ሲከፈት በካርቶኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማዎች ይገኛሉ። መካከለኛው ቀድሞ የተሰካ ስለሆነ ሌሎቹ በመሳቢያ ውስጥ ይረሳሉ፤ ወይም የሕፃን መጫወቻ ሆነው ይቀራሉ። ማዳመጫው የሚመችና ጥሩ ድምፅ የሚሰጥ መሆን አለመሆኑን በአብዛኛው የምትወስነው ግን ይህችው ጎማ ናት።

ምክንያቱን ለመረዳት የጆሮን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። በዐዋቂ ሰው ላይ የጆሮ ቦይ ርዝመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀጥ ያለ ሳይሆን ጠመም ያለ ሲሆን፣ ስፋቱም ከሰው ሰው ይለያያል። የሴቶች የጆሮ ቦይ በአማካይ ከወንዶቹ ጠበብ ይላል፤ የልጆች ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ እንኳ እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የባለቤቷን ማዳመጫ ተውሳ ጆሮዋን ያመማት እናት «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ከማለቷ በፊት ትንሹን ጎማ ብትሞክር ሳይስማማት አይቀርም።

ጎማው ለቀዳዳው ከጠበበ ዙሪያውን ክፍተት ይተዋል። በክፍተቱ የሚያመልጠው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ለምሳሌ ደብረ ታቦር የምትታወቅበትን የተክሌ አቋቋም በስልክ የሚያዳምጥ ሰው፣ ጎማው ካልገጠመለት የከበሮው ምት ይጠፋበትና የጸናጽሉ ቅጭልጭልታ ብቻ ይወጋዋል። «ማዳመጫው ርካሽ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ወጪ ይገባል፤ አለዚያም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በሚጮህ ቦታ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ወልድያ በሚያደርሰው መንገድ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው፣ የሞተሩ ጩኸት በክፍተቱ ስለሚገባበት ያንን ለመሸፈን የስልኩን ድምፅ ይጨምራል። በሚገባ የገጠመ ጎማ ግን የውጪውን ጩኸት ስለሚቀንስ ዝግ ባለ ድምፅ ለማዳመጥ ያስችላል። እንግዲህ ለጆሮ የሚስማማ ጎማ መምረጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ዓመት ከሆኑት መካከል ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑ ወጣቶች በአደገኛ አደማመጥ ምክንያት መስማታቸው ሊጎዳ ይችላል። ድርጅቱ ለዐዋቂ ሰው የሚመክረው መጠን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ሲሆን፣ ለልጆች 75 ዴሲቤል ነው። ለማነጻጸር ያህል የተለመደ ጭውውት 60 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። የድምፁ ኃይል በየ3 ዴሲቤሉ እጥፍ ስለሚሆን፣ የማዳመጫው ጊዜ በግማሽ መቀነስ አለበት። 90 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሳምንቱ ድርሻ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ 100 ላይ ደግሞ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይተኩም።

ታዲያ ጎማው እንዴት ይመረጥ? በመጀመሪያ በአንድ እጅ የጆሮን ቅጠል ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ በማድረግ፣ በሌላው እጅ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ እያዞሩ ማስገባት ነው። ይህም ጠማማውን ቦይ ያቃናዋል። በኃይል መግፋት አያስፈልግም። ቀጥሎ ጥቂት ቃላት መናገር ነው። ጎማው ከገጠመ የገዛ ድምፃችሁ በራሳችሁ ውስጥ ጎላ ብሎ ይሰማችኋል። ከዚያም ከበሮ ያለበት ዜማ ወይም ዘፈን ዝግ አድርጎ መክፈትና በጣት ማዳመጫውን በቀስታ ጫን ማድረግ ነው። ሲጫኑት የከበሮው ድምፅ የሚጎላ፣ ሲለቁት የሚሳሳ ከሆነ ጎማው አልገጠመም፤ ከፍ ያለውን መጠን መሞከር ይገባል። አገጭን ከፍቶ ዘግቶ ማየትም ጥሩ ነው፤ በዚህ ብቻ ሾልኮ የሚወጣ ከሆነ አሁንም ልኩ አልተገኘም። በሌላ በኩል በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያም ወይም ጆሮን የሚወጥር ከሆነ ትልቅ ነውና ዝቅ ያለውን መውሰድ ነው። ለቀኝ መካከለኛ፣ ለግራ ትንሽ ቢያስፈልግ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጎማዎቹ በተለይ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከሲሊኮን የሚሠራው ነው፤ ይታጠባል፣ ብዙ ጊዜም ያገለግላል። ሁለተኛው እንደ ስፖንጅ ያለው ነው። ይህኛው በጣት ተጠቅልሎ ከቀጠነ በኋላ ይገባና እስኪነፋ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይያዛል። ቦታውን ሞልቶ ስለሚቀመጥ ጩኸትን በደንብ ይከለክላል፤ ሲሊኮን ለማይስማማውም ጆሮ ይመቻል። ግን ቶሎ ያልቃል፣ እንደ ሲሊኮኑም አይታጠብም።

ስለ ንጽሕናም ማሰብ ያሻል። የሲሊኮኑን ጎማ ከማዳመጫው ነቅሎ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ፈጽሞ ሳይደርቅም መልሶ አለመሰካት ነው። ማዳመጫን ከሰው ጋር መዋዋስ መልካም ልማድ አይደለም፤ ግድ ከሆነ ጎማውን መለወጥ ይገባል። ጆሮው መግል የሚያወጣ ወይም የሚያመው ሰው እስኪድን ድረስ በጆሮው ምንም አያስገባ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጎማው ተነቅሎ ጆሮ ውስጥ ቢቀርም በክብሪት እንጨት ወይም በጸጉር ሽቦ መቆርቆር ይበልጥ ወደ ውስጥ ስለሚገፋው፣ የጆሮንም ታምቡር ሊቀድ ስለሚችል፣ ለባለሙያ መተው ነው።

ለትንንሽ ልጆች ግን ወደ ቀዳዳው የሚገባው ዓይነት አይመከርም። ጎማው ተነቅሎ ሊዋጥና ሊያንቅ ይችላል። ማዳመጫ የግድ ካስፈለጋቸው ከላይ ጆሮን የሚሸፍነው ዓይነት ይሻላል፤ የስልኩም ድምፅ እንዳያልፍ መወሰን ይቻላል። ለሁላችንም የሚጠቅመው ደንብ ከሙሉው ድምፅ 60 በመቶውን አለማለፍ ነው።

በወፍጮ ቤት፣ በእንጨት ሥራና በብየዳ የምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዘፈን ማዳመጫ ለሥራ ቦታ ጩኸት መከላከያ አይሆንም። በጩኸት ላይ ጩኸት መጨመር ነውና የሚያስፈልገው ለዚሁ ተብሎ የተሠራው የጆሮ መከላከያ ነው። እንዲሁም በመንገድ ላይ ስትሄዱ የመኪናው ድምፅ፣ በቤትም የሕፃኑ ልቅሶ እንዳያመልጣችሁ አንዱን ጆሮ ነፃ መተው ብልህነት ነው።

ልጃችሁ ሲጠሩት ደጋግሞ «ምን?» የሚል ከሆነ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከሌላው ሰው በላይ የሚያስጮህ ከሆነ፣ ወይም ከማዳመጫው በኋላ ጆሮው «ጭው» የሚልበት ከሆነ፣ «አውቆ ነው፣ አልታዘዝ ብሎ ነው» ብላችሁ አትቆጡት። መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩለት። በየዓመቱ ከዓድዋ ድል በዓል ማግሥት፣ የካቲት 24 ቀን፣ የዓለም የመስማት ቀን ይከበራል፤ ቤተሰብ ሁሉ ስለ ጆሮው የሚነጋገርበት ቀን ቢሆን መልካም ነው። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ መሳቢያውን ክፈቱና የተረሱትን ትንንሽ ጎማዎች ፈልጉ፤ የእያንዳንዱንም ልጅ ጆሮ እየሞከራችሁ ልኩን ስጡት። አዲስ ማዳመጫ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።