ጉድጓዱ ሳይደፈን

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍልውሃ ዙሪያ ነው። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ ወደ ታች የሳባቸው ከመሬት የሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ነበር። ዛሬ በዚያችው ከተማ መስታወት የለበሰ ሕንፃ እናቆማለን፤ ፀሐይ ሲያግለው ኤሲ እንከፍታለን፤ ለሻወር ደግሞ ቦይለር እንሰካለን። ከእግራችን ሥር ያለውን መሬት ግን ረስተነዋል።

ጂኦተርማል ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እንደ አሉቶ ላንጋኖ ያለ የእንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው፤ እንፋሎትም ፍልውሃም አይፈልግም። ከመሬት ወለል 10 ሜትር ያህል ዝቅ ሲባል የአፈሩ ሙቀት ክረምት ከበጋ ብዙም አይለዋወጥም፤ ከአካባቢው የዓመት አማካይ ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ለአዲስ አበባ 16 ዲግሪ፣ ለድሬዳዋ 25 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅመናል? የፍሪጃችሁን ጀርባ ንኩት፤ ይሞቃል። ከውስጥ የወጣው ሙቀት ነው። ኤሲም እንደዚያው ነው፤ የክፍሉን ሙቀት ጎትቶ ውጭ ይጥላል። ድሬዳዋ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪ ሲሆን ግን የሚጥለው በጋለ አየር ላይ ነው። ኮምፕረሰሩ ይለፋል፣ ቆጣሪው ይሮጣል። መሬት ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ውሃ የሚያዘዋውር ሲስተም ሙቀቱን የሚያስረክበው ቀዝቀዝ ላለው አፈር ስለሆነ ሥራው ይቀልለታል። ማሞቅ ላይ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል፤ ቦይለር በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ቢበዛ ያንኑ ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ የመሬት ሙቀት ፓምፕ ግን ከአፈሩ እየቀዳ ከ3 እስከ 4 እጥፍ ያቀብላል።

እሺ፣ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ሁሉም አያስገባውም? ዋጋው ነዋ! ቁፋሮው ውድ ነው፣ ዕቃው በዶላር ይገዛል። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ለተራ መኖሪያ ቤት ይህን ሁሉ ወጪ አያስገድድም፤ ጥላ፣ መስኮትና ወፍራም ግድግዳ ይበቃዋል። ዓመቱን ሙሉ ማቀዝቀዝ ብቻ ከሆነም አፈሩ ራሱ ቀስ በቀስ ይሞቃል። ስለዚህ ነገሩ የሚያዋጣው ቅዝቃዜም ሙቅ ውሃም ለሚፈልጉ ነው፤ ለሆስፒታል፣ ለሆቴል።

የእነዚህ ሕንፃዎች መሠረት ደግሞ ዛሬም እየተቆፈረ ነው። የዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አንዱ ተርሚናል ከ300 በላይ በሆኑ የመሠረት ምሰሶዎቹ ውስጥ ቱቦ ተቀብሮለት፣ በእነሱ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ለቱቦም ይሆናል። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ግን "እንደገና እንቆፍር" የሚል ባለሀብት የለም።

የመብራት ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ሂሳቡን በስልካችሁ ስትከፍሉ ታዩታላችሁ። ዛሬ የሚገነባ ሆስፒታል ቢያንስ 50 ዓመት ይቆማል፤ የመብራቱን ወጪ ደግሞ ታካሚው ይጋራዋል። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ ሰጪዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨምሩ፦ ትልቅ ሆስፒታል ወይም ሆቴል የሚሠራ ሁሉ የመሬቱን ሙቀት መጠቀም ያዋጣው እንደሆነ አስልቶ ያቅርብ። ካላዋጣው ይተወው። ሳይጠየቅ ግን ጉድጓዱ አይደፈን።