ጭሱን ጉም ያደረገው ካሜራ

ጥር በተቃረበ ቁጥር ፎቶ ማንሳት በሚወዱ ወዳጆቻችን መሃል አንድ ጥያቄ ይነሳል። «እንጅባራ ልሄድ ነው፤ ምን ሌንስ ልያዝ?» መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ይታወቃል። ካኖን የያዘው «ካኖን» ይላል፤ ሶኒ የገዛው «ሶኒ» ይላል፤ ኒኮን ያለው ሁለቱንም ይሰድባል። በመጨረሻ «70-200 ከሌለህ ባትለፋ ይሻልሃል» የሚል አንድ አዋቂ ይመጣና ክርክሩ ይዘጋል። እዚያ ስለሚነሳው ሰው ግን አንድም ቃል አልተነገረም!

እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ጎራ የለኝም። ዛሬ በገበያ ላይ ያለ ደህና ካሜራ ሁሉ ከአብዛኞቻችን ችሎታ በላይ ነው። የኔ ጠብ ከሌላ ነገር ጋር ነው። ዕቃ ስትመርጡ ዕቃ ብቻ የምትመርጡ ይመስላችኋል። ማንን እንደምታዩ፣ ምን ያህል እንደምትቀርቡት፣ አንዳንዴም ስለ ማን እንደምትዋሹ አብራችሁ እየመረጣችሁ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ረጅሙ ሌንስ

መጀመሪያ ለረጅሙ ሌንስ የሚገባውን ልስጠው። ጥር 23 በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በአድዋ ጦርነት የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል፤ አባላቱ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። ያጌጠ ፈረስ በሙሉ ኃይሉ ሲጋልብ የስልክ ካሜራ አያዋጣም። በሰከንድ አንድ ሺህኛ የሚከፈትና የሚዘጋ ካሜራ፣ ከሩቅ የሚስብ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ለደህንነትም ቢሆን ከፈረሱ መንገድ መራቅ ግድ ነው። አቧራም አለ፤ ሜዳው ላይ ቆሞ ሌንስ የሚቀይር ሰው ሴንሰሩን አቧራ እያጎረሰው ነው። እዚህ ድረስ አዋቂው ልክ ነው።

ችግሩ ፈረሱ ከቆመ በኋላ ይጀምራል። ያው ሌንስ በማግስቱ ዳንግላ ገበያ ይገባል። ባለ ካሜራው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ ቅቤ የምትሸጥ እናትን ፊት ከነሽብሽቧ እስኪታይ ይስባል፤ ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! እሷ አላወቀችም፤ እሱም ስሟን አላወቀም። ይኼ ሌንስ ከምስል ጥራቱ በተጨማሪ ሌላ አገልግሎት አለው። ሰው ሳይጠይቁ ሰው መውሰጃ ነው። ፎቶው ላይ ከስሩ «ንጹህ ፈገግታ» ተብሎ ይጻፋል። ፈገግታው ለማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የካኖን 70-200 ባለ 2.8 ሌንስ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። ርካሹ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ግን 160 ግራም ገደማ ነው፤ ዋጋውም ከትልቁ ጋር አይወዳደርም። በ50 ሚሊሜትር የሰው ፊት ለማንሳት ሁለት ሦስት እርምጃ ያህል መቅረብ አለባችሁ። ያን ያህል ቀርባችሁ ሰላም ሳትሉ አትነሱም። «እንዴት አደሩ እማማ» ትላላችሁ፤ ከአዊኛም ሁለት ቃል ተምራችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ሳቅ ይቀድማችኋል። «አይ፣ አልፈልግም» ካለችም መልሱ ያው ነው፤ አለቀ። ትንሹ ሌንስ ጨዋነትን ያስገድዳል።

ሌላም ጥቅም አለው። ፈረስ ለአዊ ሰው የጥር 23 ጌጥ ብቻ አይደለም። ያርሳል፣ ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል። የበዓሉን ፈረስ ብቻ ከሩቅ ያነሳ ሰው፣ የሌላውን ቀን ሁሉ ፈረስ ሳያየው ተመለሰ ማለት ነው።

ጉም ወይስ ጭስ?

ከሌንሱ የባሰ የሚያናድደኝ ግን ቤት ከተገባ በኋላ የሚሠራው ነው።

በዳንግላና በእንጅባራ መካከል አዲስ ቅዳም የምትባል ከተማ አለች፤ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአካባቢው ገበሬ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ባለው መሬት ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ይተክላል፣ አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል፣ ይቆርጣል፣ ከሰል ያከስላል። ከሰሉ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። ይህን እያነበባችሁ ቡናችሁ የሚፈላበት ከሰል ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጠዋት በዚያ የሚያልፍ ሰው ከዛፎቹ መሃል የሚነሳ ነጭ ጭስ ያያል። ፀሐይ ከጎን ስትመታው ያምራል፤ አልክድም። ታዲያ ፎቶው ላፕቶፕ ላይ ይወጣል፤ ከበይነመረብ የወረደ ፕሪሴት ይጫንበታል፤ ጥላው ወደ ሰማያዊ፣ ብርሃኑ ወደ ብርቱካናማ ይገፋል። ጥግ ላይ ያለው ከሰል አክሳይ ይቆረጣል። ከስሩ «የአዊ የጠዋት ጉም» ይጻፋል።

ኧረ ጉም አይደለም! ሰው ሲተነፍሰው የዋለ ጭስ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዲከረንሱን የዝገት በሽታ መትቶታል። ቅጠሉ ይበላሻል፣ ይረግፋል፣ ዛፉ ይደርቃል። ለገበሬው ይህ የልጅ ደብተርና የቤት ቆርቆሮ ነው የደረቀው። ያው ፕሪሴት ሲያልፍበት ግን ቅጠል የሚረግፍበት የፈረንጅ አገር ደን ይመስላል። የሰው ኪሳራ «ወርቃማ ወቅት» ሆነ ማለት ነው።

ፕሪሴቱ ቆዳችንንም አይምርም። ኮዳክ ለብዙ ዓመታት ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበትን ናሙና ያዘጋጅ የነበረው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ጠቆር ያለ ፊት ፊልሙ ላይ ሲጠፋ የኖረው አለምክንያት አይደለም። ዛሬ ፊልሙ ሄዷል፤ ልማዱ ግን ወደ ሶፍትዌሩ ተዛውሯል። ለሌላ ቆዳና ለሌላ ሰማይ የተዘጋጀ ቅንብር በአንድ ጣት ተጭነን የአዊን ገበሬ መዳብ ወይም አመድ እናደርገዋለን።

«ውበት ማሳየት ምን ነውር አለው? ቱሪስት ይስባል እኮ» የሚል አይጠፋም። ነውር የለውም። ዘንገና ሐይቅን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በደን የተከበበ ክብ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ ያለ ማንም እርዳታ ያምራል። ብርሃን አስተካክሉ፣ ጥላ ክፈቱ፣ የተጣመመ አድማስ አቅኑ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ካስተካከላችሁት በኋላ ጭሱ ጭስ ሆኖ ይታያል ወይ?

ሌላው ዓለም በዚህ ተቀጥቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ሮይተርስ አንድ ፍሪላንስ ፎቶ አንሺ በቤይሩት ሰማይ ላይ በፎቶሾፕ ጭስ ስለጨመረ የሰውየውን ፎቶዎች በሙሉ ከገበያ አነሳ። ስመ ጥሩው ስቲቭ ማኬሪም እ.ኤ.አ. በ2016 ፎቶዎቹ ተነካክተው ሲገኙ፣ እኔ «በምስል ታሪክ ተራኪ» ነኝ ብሎ ነበር ራሱን የተከላከለው። ቤይሩት ላይ ጭስ ተጨመረ፤ እኛ ያለውን ጭስ ስሙን ቀየርነው። ልዩነቱ እኛን የሚቆጣጠር አለመኖሩ ብቻ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ ደግሞ ፎቶሾፕ ራሱ ያልነበረውን ፈጥሮ ይሞላላችኋል።

«እኛ ጋዜጠኛ አይደለንም፤ ለደስታችን ነው» ትሉ ይሆናል። ስሙኝማ! ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት መንገዱ ስንት ጊዜ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱስ ስንት ጊዜ ተቋረጠ? ብዙ ሰው መሄድ ባልቻለበት ዘመን ሄዶ የተመለሰ ሰው ፎቶ፣ ባለቤቱ ፈለገም አልፈለገም ምስክርነት ይሆናል። ያልሄደው ሁሉ አዊን የሚያውቀው በእናንተ ዓይን ነው።

እና ድሮን!

«ዘንገናን ከላይ በድሮን ባነሳው» የሚል ምኞትም ሰምቻለሁ። ድሮን ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ወደ አገር እንደማይገባ፣ ቦሌ ላይ የተወረሰበት ሁሉ ያውቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከፈቃዱ በላይ ነው። በክልሉ በዚህ ጦርነት ውስጥ በድሮን ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በተደጋጋሚ ገልጿል። እናንተ «ካሜራ» የምትሉት ድምፅ ከላይ ሲሰማ፣ ከታች ያለች እናት ልጆቿን ሰብስባ ቤት ልትገባ ትችላለች። ለአንድ ክብ ሐይቅ ምስል ይህን ያህል ድንጋጤ አያስፈልግም። የሐይቁ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ሰፊ ሌንስ ወይም የስልካችሁን ፓኖራማ ተጠቀሙ።

ገንዘቡ የት ይግባ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። ካሜራ ደግሞ የሚመጣው በዶላር ነው። ዕቁብ ደርሶት ገንዘቡን በሙሉ ሌንስ ላይ የሚያፈስ ወጣት፣ ለአንድ ቀን ግልቢያ የዓመት ቁጠባውን እያወጣ ነው። ለጥር 23 ብቻ ከሆነ ረጅሙን ሌንስ ተከራዩ ወይም ተዋሱ። የራሳችሁ የሚሆነው ያገለገለ ካሜራና 50 ሚሊሜትር ይበቃል። በተረፈው ሁለት ትርፍ ባትሪ ግዙ፤ መብራት ሲጠፋ ታመሰግኑኛላችሁ። ከአንድ ትልቅ ሜሞሪ ካርድ ሁለት ትንንሽ ይሻላሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ጉዞው ሁሉ አይጠፋም።

ሶፍትዌሩም እንዲሁ ነው። ላይትሩም ድሮ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ግን ሙሉው በየጊዜው በዶላር የሚከፈልበት ሆኗል። በዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ልጅ ክራክ ይጭናል፤ ከክራኩ ጋር ቫይረስ ይገባና የሦስት ዓመት ፎቶ ይበላል። ዳርክቴብልና ሮው ቴራፒ በነፃ፣ በሕጋዊ መንገድ ይወርዳሉ። ዳርክቴብል መጀመሪያ ላይ ራስ ያዞራል፤ ሁለት ሳምንት ታገሱት። ስልክ ላይ ስናፕሲድ አለ፤ እሱም ነፃ ነው። በሮው አንሱ፤ ጥሬውንም ፋይል አታጥፉ። «ይኼ ጉም ነው ጭስ?» ተብላችሁ የተጠየቃችሁ ቀን ምስክራችሁ እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ከተረፈው ገንዘብ ደግሞ ፎቶ አሳትሙ። እናትየዋ እኮ በሺህ ስልኮች ላይ ዞራለች፤ እሷ ቤት ግድግዳ ላይ ግን የለችም። አንድ የታተመ ፎቶ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው መስጠት ከሌንስ ክዳን ዋጋ አይበልጥም። እንዲደርሳት ግን ስሟን ማወቅ አለባችሁ፤ ስሟን ለማወቅም ቀርባችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ለመጪው ጥር ቦርሳችሁን ስታዘጋጁ «ምን ሌንስ ልያዝ?» ከማለታችሁ በፊት ያለፈው ዓመት ፎቶዎቻችሁን ክፈቱ። ከነዚያ ፊቶች የስንቱን ስም ታውቃላችሁ? መልሱ «የአንዱንም» ከሆነ፣ የጎደላችሁ ሌንስ አይደለም።

ቸር እንሰንብት።