መርቆሽ ሞቷል፤ መሬቱን ተይው

በቦኬም ሆነ በጭሮ ዙሪያ ገጠር አባት ሞቶ ውርስ ሲነሳ፣ ያገባች ሴት ልጅ ድርሻዬን ብላ ከመጣች ሽማግሌዎቹ የሚሏት አይጠፋንም። «አባትሽ መርቆሽ ነው የሞተው፤ መሬቱን ለወንድሞችሽ ተይላቸው።» አነጋገሩ ለስላሳ ነው። እምቢ ካልሽ ግን ምርቃቱ ወደ እርግማን ይዞርብሻል ማለትም ነው። ማሽላና ጫት የሚጋፉባትን ቁራሽ ማሳ ለአራት ለአምስት ወንድም መሸንሸን በራሱ ጣጣ ስለሆነ፣ ከሁሉ ቀድማ የምትሰረዘው እህት ናት።

የምርቃትንና የውርስን ነገር እንደ አይሁድ ያብላላ ያለ አይመስለኝም። ዔሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ፤ ምርቃቱን ደግሞ ሌላ ቀን በወንድሙ ተንኮል ተነጠቀ። ሁለት ነገር ነው። ያዕቆብም በተመረቀ ማግስት ርስት አልተረከበም፤ ነፍሱን ይዞ ወደ ካራን ሸሸ። አርጅቶ የዮሴፍን ልጆች ሲመርቅ እጆቹን አመሳቅሎ ቀኙን በታናሹ በኤፍሬም ራስ ላይ ጫነ፤ ዮሴፍ ቅር ቢለውም አልሰማውም። ታላቁ ምናሴ ግራውን አገኘ። አይሁድ አባቶች ዛሬም ዓርብ ማታ ወንዶች ልጆቻቸውን በእነዚህ በሁለቱ ስም፣ ሴቶቹን በሣራ፣ በርብቃ፣ በራሔልና በልያ ስም ይመርቃሉ።

ከዚያው ከምናሴ ወገን ሰለጰዓድ የሚባል ሰው አምስት ሴቶች ልጆች ብቻ ትቶ ሞተ። ልጆቹ የአባታቸው ስም እንዳይጠፋ ርስት እንዲሰጣቸው ሙሴን ጠየቁ፤ ተፈረደላቸው። የነገዱ አለቆች ግን ከሌላ ነገድ ካገቡ መሬታችን ተከትሏቸው ይሄዳል ብለው ተነሱ። ይቺን ክርክር እኛም አገር እናውቃታለን! ከወገናችሁ አግቡ ተባለና አለቀ።

ወንድ ልጅ ካለ ሴቷ እንደማትወርስ የአይሁድ ሕግ ያዝዛል፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የነበሩ አይሁድ አባቶች ግን ዘዴ አበጁ። ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ከባድ ዕዳ አለብኝ ብለው ይፈርሙላታል። አባት ሲሞት ወንድሞቿ ወይ ዕዳውን ይከፍላሉ፣ ወይ የወንድ ድርሻ ግማሹን ይሰጧታል። ዕዳው ስለሚከብድ ግማሹን መስጠት ይሻላቸዋል። ግማሽ የምትለዋ ነገር ሸሪዓን ለሚያውቅ የጭሮ ሰው እንግዳ አትሆንበትም። እኔን የገረመኝ አባትየው በአፉ መመረቁ አልበቃው ብሎ መፈረሙ ነው።

ምርቃት ካለ መሬት ቢቀርስ የሚል ሰው የጎንደርን ቤተ እስራኤል ያስታውስ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም ብለው አወጁ ይባላል። ቤተ እስራኤል እምነታቸውንና የዘር ሐረጋቸውን ይዘው ቀሩ። በ1965 ዓ.ም. የእስራኤል ዋና ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ የዳን ነገድ ናቸው ብለው ሲወስኑ፣ ያ ሐረግ የእስራኤልን በር ከፈተላቸው። እስከዚያ ግን ስንት ትውልድ በሰው መሬት ጭሰኛ ሆኖ፣ ብረት ቀጥቅጦና ሸክላ ሠርቶ፣ ቡዳ እየተባለ አለፈ? የአባቶች ቃል ከዚህ አላዳናቸውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 በውርስ ሴትና ወንድን እኩል አድርጓል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ቢሆን ጉዳዩን የሚያየው ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ ነው። በሽማግሌ ፊት «ተስማምታለች» ተብሎ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ እርግማን የፈራች ሴት ዝምታ ነው። ሽማግሌዎቻችን ጫቱን አንስተው «አሚን» ከማስባላቸው በፊት ድርሻዋን ይለኩላት።