«በሞቴ» እያልን አንግደለው!

ስማኝ ወንድሜ! አንቺም ስሚኝ እህቴ!

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፣ ሰው ሲሞት እኛን የሚቀድም የለም። ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል፣ የእድሩ ወንበር ይደረደራል፣ ፌስቡኩ በ«ነፍስ ይማር» ይጥለቀለቃል። እሰየው፣ ደግ ባህል ነው። ግን ልጠይቅህ፦ ያ ልጅ በቁሙ ሲሞት የት ነበርን? ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ ያለ አንድ መለኪያ ከቤት መውጣት ሲያቅተው ምን አደረግንለት? አጠገቡ ተቀምጠን «በሞቴ አንድ ድገም» አልነው! በራሳችን ሞት እየማልን እሱን ገደልነው።

ጣቴን የምቀስረው አረቄ አውጥታ ልጆቿን በምታሳድግ እናት ላይ አይደለም። የምቀስረው በአንተና በእኔ ላይ ነው። ቀን ሙሉ ስለ ሕዝብ ክብር እንጽፋለን፤ ማታ ጓደኛችን ቦይ ውስጥ ወድቆ ስናገኘው ቪዲዮ ቀርጸን እንስቃለን። ሕዝብ ማለት እኮ ያ ቦይ ውስጥ የወደቀው ልጅ ነው! እሱን ያላነሳ ክንድ ማንን ሊያነሳ ነው?

«ታዲያ ለምን አይተወውም? ወንድ አይደለም እንዴ?» ትለኝ ይሆናል። ሱስ የወኔ ማነስ አይደለም፣ በሽታ ነው። ስንቱ ጀግና ብቻውን ታግሎት ተሸንፏል። ከዚህ ጉድጓድ መውጫ ከሆኑት መንገዶች አንዱ መሰብሰብ ነው። ለመተው የሚፈልጉ ሰዎች በሳምንት አንዴ፣ ሁለቴ ይገናኛሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል። በቃ።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ለሥራ ኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። ከመጠጥ ከራቀ ገና ወራት ነበር፤ የሆቴሉ ባር ጠራው። መጠጥ ቤቱን ትቶ እንደሱ የተቸገረ ሰው ፈለገ፤ ቦብ ስሚዝ የሚባል ሐኪም አገኘ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተወለደው ከዚያ ጨዋታ ነው። ዛሬ አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ አገር ስብሰባ አለው። ክፍያ የለውም፣ የአባት ስም አይጠየቅም፣ ለመግባት መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው ተቋም ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ወደዚህ ስብሰባ እንዲገቡ በሥርዓት የታገዙት ከመጠጥ ጨርሶ ርቆ በመቆየት ሌላ ዓይነት ሕክምና ካገኙት እንደሚሻሉ አሳይቷል።

«የፈረንጅ ነገር ነው» እንዳትለኝ! መሰብሰብን ለአዊ ልጅ ማን ያስተምረዋል? የአገው ፈረሰኞች ማህበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረስ ማሰለፍ ብቻ አይደለም ሥራው፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ የተቸገረ ይረዳል። ጽዋ ማህበሩ፣ ሰንበቴው፣ እድሩ የማን ነው? ለአጨዳ ደቦ የሚወጣ ሕዝብ ሰውን ለማንሳት ደቦ መውጣት ያቅተዋል?

«ፀበል አለለት» የምትልም አለህ። ይሂድ፣ እግዜር ይማረው። ግን ሲመለስ የሚጠብቀው ያው ጠረጴዛ፣ ያው «በሞቴ» ከሆነ ስንት ቀን ይቆማል? ከፀበል መልስም ሰው ያስፈልገዋል።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ጥንቃቄ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ «ከዛሬ ጀምሮ በቃህ» ብለህ በር እንዳትቆልፍበት። እንጅባራም ዳንግላም ሆስፒታል አለ፤ አስቀድመህ ውሰደው። በመድኃኒት ታግዞ መተው ይቻላል።

እዚያው ሳለህ ባለሙያውን «መጠጥ ለመተው የሚሰበሰቡ ሰዎች የት አሉ?» ብለህ ጠይቅ። ስልክ ያለው በኢንተርኔት የሚደረገውንም ስብሰባ መሞከር ይችላል። «እዚህ የለም» ከተባልክ ደግሞ እጅህን አጣጥፈህ አትመለስ፤ ለመጀመር ሁለት ሰው ይበቃል! እሁድ ባዶ የሚውል የትምህርት ቤት ክፍል ለምናችሁ አግኙ፤ ወይ የእድር አዳራሽ። ቀኑና ሰዓቱ አይቀያየር። ቡና ይፈላ፤ ጠላና አረቄ ከደጁ አይድረስ። እዚያ የተነገረ ገመና እዚያው ይቅር። አንተ የመጠጥ ችግር ከሌለብህ ጓደኛህን እስከ በሩ ሸኝተህ ተመለስ፤ ውስጡ የነሱ ነው። ብዙ ሰው ወድቆ የሚቀረው እኮ ያችን የመጀመሪያ ቀን ብቻውን መሄድ ፈርቶ ነው።

አሁን ለራሳችን አንድ መራራ ነገር ልናገር። ያ ክፍል የእኛ መድረክ አይደለም! ባንዲራ አይገባም፣ መፈክር አይገባም፣ ፎቶ አይነሳም። እዚያ የተቀመጠ ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚደግፍ አይጠየቅም። ፖስት ለማድረግ ከሆነ ይቅርብን። ስማችን ሳይነሳ አንድ ልጅ ከዳነ ከመቶ ሰልፍ ይበልጣል።

መጠጥ የምትሸጠውም ስማ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ መጠጥ እንዳትሸጥ ይከለክልሃል። ዩኒፎርም ለብሶ የመጣውን ልጅ አይተህ እንዳላየህ አትሁን።

ይሄን እያነበብክ አንድ ሰው ትዝ ብሎሃል፣ አውቃለሁ። ምናልባትም ራስህ ነህ። ራስህ ከሆንክ፣ ማፈር አይገባህም፤ አንድ የምታምነው ሰው ፈልግና «አልቻልኩም» በለው። ጓደኛህ ከሆነ ደግሞ ሼር ከማድረግህ በፊት ደውልለት። «እሁድ አብረን እንሄዳለን» በለው።

እምቢ ካለህ፣ ያኔ «በሞቴ» በለው።