ተዋናይ ከአዝማሪ ምን ይማር?



በጎንደር ከተማ በቴአትር ሙያ ለመኖር የቆረጡ ወጣቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከእኛው ጋር በአንድ ወንበር የሚማሩ ናቸው፤ ሌሎቹም ቀን በሱቅ፣ በፀጉር ማስተካከያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ሲሠሩ ውለው ማታ በተዋሱት ክፍል ውስጥ ልምምድ የሚያደርጉ ናቸው። ስለ ወደፊት ኑሯቸው የጠየቅናቸው እንደ ሆነ የብዙዎቹ መልስ አንድ ነው፤ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ አዲስ አበባ መግባት። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የአውቶቡሱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የምግቡ፣ ለፊልም ሠሪዎች የሚታደለው ፎቶግራፍ ዋጋ ሲደመር የሁለት ዓመት ቍጠባ በሁለት ወር ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በየደጃፉ መቆም ነው። «እስቲ የምትችለውን አሳየን» የሚል ሰው ቢገኝ እንኳ ብዙው ልጅ የሚያሳየው ነገር በእጁ የለም። ጎንደር ሳለ የተጫወተው ከአምስትና ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ነበርና፣ እነርሱ በሌሉበት የእርሱ ክፍል ግማሽ ንግግር ሆኖ ይቀራል።

እኛ አዲስ አበባ አይሂዱ አንልም። ትልልቆቹ መድረኮች እዚያ ናቸው፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም፣ በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም የሚገኙት እዚያ ነው። የምንለው፣ ገንዘብ ያጠረው ተዋናይ የመጀመሪያውን ብር ለአውቶቡስ ከመክፈሉ በፊት ራሱ ተሸክሞት የሚዞር መድረክ ሊኖረው ይገባል ነው። ይህን የሚያስተምረው ሰው ደግሞ ከደጃችን አልራቀም፤ አዝማሪው ነው።

ይህን ስንል ቅር የሚላቸው አንባብያን እንደሚኖሩ አናጣውም። በአገራችን «አዝማሪ» መባል ስድብ ሆኖ ኖሯል። በቴአትር መጀመሪያ ዘመን ለመድረክ የወጡትም ሰዎች በዚሁ ስም ይሰደቡ ነበር፤ ሴቶች መድረክ መውጣት ነውር ሆኖባቸው የሴቶችን ክፍል ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር። የተማረው ተዋናይ ከዚህ ስም ለመሸሽ መሞከሩ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ስድቡን ለተሳዳቢው ትተን የአዝማሪውን ሥራ በሒሳብ ዓይን እንመልከተው።

ከከተማችን ብዙ የማይርቀው ቡርቧክስ በአዝማሪዎቹ የታወቀ መንደር ነው። እዚያ ሙያው የሚተላለፈው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ነው፤ ልጁ ትልልቆቹን ተከትሎ እየሄደ፣ እየሰማና እየተቆጡት ይማራል እንጂ የትምህርት ዋጋ አይከፍልም። መሰንቆው ከእንጨት፣ ከቆዳና ከፈረስ ጭራ ይሠራል፤ ባለቤቱ አንግቶት በእግሩ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚጓዘው ከሚስቱ ጋር ነው፤ እርሱ ይመታል፣ እርሷ ታዜማለች፤ ትርፉም ለስድስት አይካፈልም። ሕዝብ ወደ እርሱ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ከጥምቀት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሠርግ በየመንደሩ ሲደገስ እርሱም ሰው ወደ ተሰበሰበበት ይሄዳል። ዳሱን የጣለው ባለ ሠርጉ ነው፤ ወንበሩን፣ መብራቱንና ተመልካቹን ያዘጋጀውም እርሱ ነው። ዋጋውንም የሚያገኘው በዚያው ሰዓት ነው፤ ብሩ በግንባሩ ይለጠፍለታል፤ ያልሰጠ ሰው ካለም በግጥም ሸንቆጥ ያደርገዋል። ተመልካቹ «ተቀበል» እያለ ስንኝ ሲያቀብለው ደግሞ ተመልካችነቱ ቀርቶ የሥራ ባልደረባ ይሆናል። ከጎንደር ወጥተው በአዲስ አበባ የአዝማሪ ቤቶች ስማቸውን የተከሉ ጥቂት አይደሉም፤ ሲሄዱ ግን መሰንቆውን ይዘው፣ ግጥሙንም በቃላቸው አጥንተው ነው የሄዱት።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ታሪክ ይመልከት። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የፋሽስት ሹማምንት ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እያሳደዱ እንዲገደሉ አዘዋል። ጠመንጃ ያልያዘ፣ አዳራሽና መጋረጃ የሌለው አንድ ሰው የስንቱን ልብ ሊያነሣሣ እንደሚችል ጠላት ከእኛ ቀድሞ ገብቶት ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ የተዋናዩ መሰንቆ ምንድር ነው? በእኛ አስተያየት፣ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር በአንድ ወንበር፣ ያለ ልዩ መብራትና ያለ ጌጥ የሚጫወተው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እንደዚህ ያለ ሥራ ለታላላቆቹም አላነሰባቸውም። ወጋየሁ ንጋቱ የሩሲያዊውን የጎጎልን «የእብድ ማስታወሻ» ብቻውን ቆሞ ተጫውቶታል። ይኸው ሰው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በራዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች ሳይቀሩ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ሊያውቋቸው ችለዋል። መሣሪያው ድምፁ ብቻ ነበር።

ከአገራችን ውጭም ምሳሌ አለ። በደቡብ አፍሪካ ጆን ካኒና ዊንስተን ንትሾና የተባሉ ሁለት ተዋንያን ቀን ቀን ተቀጥረው እየሠሩ ማታ ይለማመዱ ነበር። በዚያ በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁር ሰው «ተዋናይ» የሚባል የሥራ ዓይነት በሕግ አይታወቅም ነበርና፣ ደራሲውን አቶል ፉጋርድን የቤት አሽከሮቹ አድርጎ እንዲያስመዘግባቸው ተገደዱ። ሦስቱ ሆነው የሠሩት «ሲዝዌ ባንዚ ሞቷል» የተባለው ቴአትር በ1972 እ.ኤ.አ. ለመድረክ በቃ፤ ሁለት ሰዎችና ጥቂት ዕቃ ብቻ የሚፈልግ በመሆኑም አገር ላገር ለመዞር አላስቸገረም። በ1975 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ቶኒ የተባለውን ታላቅ ሽልማት ሁለቱም በአንድነት ተሸለሙ። በፖላንድ ደግሞ ግሮቶቭስኪ የተባለው አዘጋጅ ለቴአትር የግድ የሚያስፈልጉት ተዋናይና ተመልካች ብቻ ናቸው ብሎ «ድኻ ቴአትር» የሚል ስም አውጥቶለታል። ለአውሮፓውያን ይህ አዲስ ሐሳብ ነበር፤ የቡርቧክስ ሰዎች ግን ቢሰሙት ኖሮ ፈገግ ይሉ ነበር።

የሚጫወቱት ነገር ከየት ይምጣ ቢባል፣ የቅዳሜ ገበያ ነጋዴዋ አለች፤ ልጁ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጥቶ ድምፁ የጠፋበት አባት አለ፤ ከደባርቅ ብርድ ወርዶ ከተማ የገባ ተማሪ አለ። የሌላ ሰው ድርሰት ከሆነ ግን ደራሲውን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። ፈቃድ መጠየቅ ገንዘብ አይፈጅም፤ ብዙ ጊዜም የደራሲውን ወዳጅነት ያተርፋል።

ስለ ትምህርቱም አንድ ነገር እንበል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የቴአትር ትምህርት ክፍል ብዙ ባለሙያዎችን አፍርቷል፤ ሁሉም ግን እዚያ ሊገባ አይችልም። ጎንደር ላይ ቁጭ ብሎ ድምፅን የሚያሠለጥን ትምህርት አጣሁ የሚል ተዋናይ ጆሮው የት እንዳለ እንጠይቀዋለን። በአታ ማርያም የአቋቋም ምስክር ቤት ናት። ተማሪው በጨለማ ተነሥቶ ቃሉን ሳይጽፍ ያጠናል፤ ትንፋሹን ይቈጥባል፤ በመቋሚያና በጸናጽል ሰውነቱን ከዜማው ጋር ያስማማል። ኑሮውም ቆሎና ለምኖ ያገኘው ቍራሽ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ ለዘመናዊ ቴአትራችን መሠረት ከጣሉት አንዱ ለመሆን የበቃው በጎጃም ደብረ ኤልያስ የቅኔውንና የዜማውን ትምህርት ይዞ በመነሣቱ ነበር። ተዋናዩ ደብተራ ይሁን አላልንም፤ ሌሊት ግማሽ ሰዓት ተነሥቶ ጮኾ ማንበብን ግን ማንም አይከለክለውም፤ ከቤት አከራዩ በቀር።

ፎቶግራፍን በሚመለከት አጭር ቃል ይበቃናል። በቤተ ሙከራ እንደ ተቀባ ሥዕል ፊቱ የለሰለሰና ከኋላው የፋሲል ግንብ የተለጠፈበት ፎቶግራፍ ለአዘጋጅ ምንም አይነግረውም። ጧት ከነጭ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ በጓደኛ ስልክ የተነሣ ጥርት ያለ አንድ ፎቶግራፍ ይበልጣል።

በስልኩ ድምፅን መቅዳትም ይቻላል። ጋቢ ተከናንቦ በሩን ዘግቶ የተቀዳ የአምስት ደቂቃ ትረካ ለራዲዮ ጣቢያ ቢላክ የሚያሳፍር አይሆንም። የራዲዮ ድራማ ደግሞ የመልክ ምርጫና የልብስ ወጪ ስለሌለበት ለድኻ ተዋናይ የተመቸ ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት፤ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ኑሮ ሲያስተምር ተዋንያኑም ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሥራ አግኝተውበታል። በኛ ዩኒቨርሲቲ ጤና የሚማረውና የሚያስተምረው ብዙ ነው፤ ተቋሙ ራሱ በ1947 ዓ.ም. የተወለደው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው። የጤና ትምህርት ለሕዝብ በቃል ለማድረስ የሚፈልግ መምህርና ሥራ የሚፈልግ ተዋናይ በአንድ ግቢ አጥር ተለያይተው መኖራቸው ይገርመናል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን እንምጣ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት የበዓል ቀን ሲመጣ ተዋንያንን ይጠራሉ። ለድንኳኑ ይከፈላል፤ ለድምፅ ማጉያው ይከፈላል፤ ለለስላሳው ይከፈላል፤ ሦስት ሳምንት የተለማመደው ተዋናይ ግን የምስጋና ወረቀት ተጨብጦለት በጭብጨባ ይሸኛል። የምናውቃቸው አንድ ቡድን እንደዚህ ያሉ ወረቀቶች አሥራ አንድ አላቸው፤ የልምምድ ክፍላቸው ኪራይ ግን አልተከፈለም። አዝማሪን ሠርግ ጠርቶ ወረቀት የሚሰጥ ባለ ድግስ በጎንደር ምድር አለን? እንኳን ሊሰጥ ሊያስበውም አይደፍርም፤ በማግስቱ ስሙ በመሰንቆ ይዞራልና። ስለዚህ ተዋንያኑ ከዛሬ ጀምሮ ዋጋቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ እኩሌታውን ከልምምዱ በፊት ይቀበሉ። ዋጋው ትንሽ ቢሆን ግድ የለም፤ አለመኖሩ ነው የሚጎዳው። ከተገኘውም ላይ ጥቂት እየጣሉ ዕቁብ ቢገቡ፣ ዕጣው ለደረሰው ሰው የአዲስ አበባው ጉዞ ወጪ ይሆንለታል። እናቶቻችን ቤት የሠሩበት ዘዴ ነውና ለተዋናይም አያንስም።

አንድ ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ፣ «ድኻውን በድኽነቱ እንዲጸና እያመሰገናችሁት ነው፤ መንግሥት ደመወዝ ይክፈል ለምን አትሉም?» ብሎ ተቆጥቷል። ቍጣው ውነት አለበት። በደርግ ዘመን የጎንደሩ ፋሲለደስ ኪነት፣ የወሎው ላሊበላና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስንቱን ድምፃዊና ተወዛዋዥ እንዳሳደጉ አይዘነጋም፤ ምንም እንኳ የሚጫወቱትን የሚወስነው መንግሥት ቢሆን። በባሕር ዳርም ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ። ጎንደር ቋሚ የቴአትር ቤት ያስፈልጋታል ብንል እኛም እንፈርማለን። ነገር ግን ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ተዋናይ ያ ቤት ተሠርቶ እስኪመረቅ ቁጭ ብሎ ሊያረጅ አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት የተነሣም ወደ ደባርቅ፣ ወደ ጭልጋ ወይም ወደ ደንቢያ መሄድ እንደ ቀድሞው የሚደፈር ጉዞ አልሆነም። ስለዚህ ጉዞው ለጊዜው በከተማው ውስጥ ይሁን፤ ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከማራኪ እስከ አዘዞ ያሉት ትምህርት ቤቶችና የቀበሌ አዳራሾች አንድ ወንበርና ሁለት ሰው ለመያዝ አይጠቡም።

ከእኛ ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች የሚፈለገው ነገር ትንሽ ነው። አዳራሻችን ብዙ ማታ ተዘግቶ ያድራል። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ዐርብ ማታ ለከተማው ተዋንያን ቢከፈት፣ ለአንድ ምሽት ሁለት አጫጭር ሥራዎች ይበቃሉ። መግቢያው ከአንድ ሻይ ዋጋ የማይበልጥ ይሁን፤ መምህራን እጥፍ ቢከፍሉ አንከፋም። የተማሪዎች ማኅበር ሁለት ሰዎች በር ላይ ያቁም፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ በተመልካቹ ፊት ተቈጥሮ፣ መብራቱ ሳይጠፋ ለተጫወቱት ሰዎች በእጃቸው ይሰጥ።