ራሳችንን በቤታችን የምንወጋ ሕሙማን አቤቱታ

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለፋርማሲ ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የሜቶትሬክሴት መርፌ የጎንዮሽ ጉዳትን ይመለከታል

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘው አመልካቾች፣ በሆስፒታሉ የሩማቶይድ አርትራይተስ ክትትል ያለን ታካሚዎች ነን። ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳችን ሥር ራሳችን እንወጋለን። መድኃኒቱን አናማርርም፤ እንጀራ መቁረስ አቅቷቸው የነበሩ እጆች ዛሬ ልብስ የሚያጥቡት በእሱ ነው። ሐኪሞቻችንንም እናመሰግናለን። አቤት የምንለው መርፌው ወደ ቤታችን ከተሰጠን ወዲህ ጠያቂም ሰሚም ስላጣን ነው።

በተወጋን ማግስት ያቅለሸልሸናል፣ ድካም ከአልጋ አያስነሳንም። አፋችን ሲቆስል በርበሬ የነካው ወጥ ቀርቶ ለብ ያለ ሻይ እንኳ ያቃጥለናል። ይህን የሚያቀል ፎሊክ አሲድ የሚባል ርካሽ ኪኒን እያለ፣ ከመካከላችን ጨርሶ ያልታዘዘላቸው አሉ። ስንናገር የሚሰጠን መልስ «ትለምዱታላችሁ» የሚል ነው። አልለመድነውም። አንዲት እናት ምሬታቸውን የሚሰማ ቢያጡ መርፌውን በገዛ እጃቸው አቋርጠው፣ ጉልበታቸው አብጦ በልጃቸው ተደግፈው ተመልሰዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራን የአወሳሰዱ ነገር ነው። ይህ መድኃኒት በስህተት በየቀኑ ቢወሰድ መቅኔን አድክሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ሆኖም ከፋርማሲ በሚሰጠን ከረጢት ላይ የሚጻፈው «እንደታዘዘው» የሚል ብቻ ነው። ብልቃጡ በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ 15 ሚሊ ግራም የታዘዘለት ሰው 0.6 ሚሊ ሊትር መቅዳት አለበት ማለት ነው። ይህን ሒሳብ እንዲሠሩ የተተዉት ጣታቸው የተቆለመመና ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው። የኢንሱሊን ሲሪንጅ የሚሰጠንም ጊዜ አለ። እሱ የተሰመረው በዩኒት ስለሆነ፣ በባለ 100 ዩኒቱ 0.6 ሚሊ ሊትር የሚገኘው 60 የሚለው መስመር ላይ ነው። ይህን ያስረዳን የለም።

የሽንት ኢንፌክሽን ሲይዘን የሰፈር ክሊኒክ ኮትሪሞክሳዞል ያዝልናል፤ ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን የሚገልጽ ካርድ ግን በእጃችን የለም። ወጣት እህቶቻችንም መድኃኒቱ ፅንስን እንደሚጎዳ የሰሙት ከእኛ ከታካሚዎቹ ነው። ለጉበትና ለደም ምርመራ ስንመጣ ደግሞ «ሪኤጀንት የለም» ተብለን በራሳችን ወጪ ወደ ግል ላብራቶሪ እንላካለን።

ስለዚህ በማዘዣውም በከረጢቱም ላይ የመወጊያው ቀን «ቅዳሜ» ወይም «ሰኞ» ተብሎ በስሙ፣ መጠኑም በሚሊ ሊትር በአማርኛ ይጻፍልን። ቀኑ ከእኛ ጋር ተመክሮ ይወሰን፤ የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ማግስቱ የዕረፍት ቀን ሊሆንለት ይገባል። ፎሊክ አሲድ ከመርፌው ጋር ይታዘዝ። ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የድድ መድማት ሲያጋጥመን የምንደውልበት ስልክና የሚያነሳው ባለሙያ ይመደብልን። ያገለገለ መርፌ ልጆች ባሉበት ቤት በውኃ ፕላስቲክ እያጠራቀምን ስለሆነ፣ ሴፍቲ ቦክስና የምናስረክብበት ቦታ ይሰጠን።

በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን። መልስ ካላገኘን አቤቱታችንን ለሚመለከተው የበላይ አካል እንደምናቀርብ ከወዲሁ በአክብሮት እናሳውቃለን።

አመልካቾች